በሌሊት የተሠራው ዙፋን

ለገና ፕሮግራም የቤተ ክርስቲያን መድረክ አስጊጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ካርቶንና ፎይል ምን እንደሆኑ እኔ አልነግራችሁም። ካርቶኑ ከሱቅ ተለምኖ ይመጣል፤ በምላጭ ይቆረጣል፤ ብርማው ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ኮከብ ይሆናል፣ የመልአክ ክንፍ ይሆናል፣ የሄሮድስ ዘውድ ይሆናል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጆንያ ይገባል። አንድ ዓመት፣ ከወጣት ኅብረታችን አንዲት እኅት ሦስት ማታ አምሽታ የሠራችውን ክንፍ፣ ጆንያው አልበቃ ሲለኝ በእግሬ ረግጬ አጣጥፌ ከተትኩት። ቆማ ታየኝ ነበር። ምንም አላለችም። እኔም ነገሩን ረሳሁት። ያ ክንፍ ትዝ ያለኝ ከዓመታት በኋላ፣ ጄምስ ሃምፕተን ስለሚባል የጽዳት ሠራተኛ ሳነብ ነው።

ስለዚህ ሰው ልጽፍላችሁ እወዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

ሃምፕተን በ1909 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ኤሎሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪና የወንጌል ዘማሪ ነበር፤ ከቦታ ቦታ እየዞረ ለማገልገል ሚስቱንና አራት ልጆቹን ትቶ የሄደ ሰው። ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን ከደቡቡ የዘር መድልዎና ድህነት የሚሸሹ ጥቁሮች በብዛት ወደ ሰሜን ከተሞች ይፈልሱ ነበር፤ ሃምፕተንም በ19 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ወደሚኖርበት ወደ ዋሽንግተን ዲሲ መጣ። በትንንሽ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤት ሠራ። በ1942 ለጦርነቱ ተመለመለ። የአሜሪካ ጦር ያን ጊዜ ጥቁሮችንና ነጮችን ለያይቶ ያሰልፍ ስለነበር፣ የተመደበበት የጥቁሮች ክፍል የሚዋጋ ሳይሆን በአናጺነትና በጥገና የሚያገለግል ነበር። ክፍሉ በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳሉት ወደ ሳይፓንና ጉዋም ደሴቶች ተላከ። ሃምፕተን ጉዋም ሳለ፣ በ1945፣ አንዲት ክንፍ ያላት ትንሽ ጌጥ ሠራ። ኋላ ከምንነጋገርበት ሥራ ውስጥ መጀመሪያ የተሠራችው እርሷ ናት።

የነሐስ ኮከብ ሜዳልያ ተሸልሞ ተመለሰ፤ ከዚያም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። እስኪሞት ድረስ ሥራው ይኸው ነበር። አላገባም። ወንድሙም በ1948 ሞተበት። በ1950 በሰባተኛው ጎዳና አካባቢ፣ ከሕንጻዎች ጀርባ ያለ አንድ አሮጌ የጋሪ ማቆሚያ ቤት ተከራየ። አከራዩ ለምን እንደፈለገው ሲጠይቀው፣ አንድ ነገር እየሠራ እንደሆነና የሚኖርበት ክፍል እንደጠበበው ብቻ ነገረው። ቤቱ ማሞቂያ የለውም፤ መብራቱም ደካማ ነው። ሃምፕተን እኩለ ሌሊት ገደማ ወለል ጠርጎና ወልውሎ ሲጨርስ ወደዚያ ይሄድና አምስት ስድስት ሰዓት ይሠራል። ለ14 ዓመት እንዲህ አደረገ።

የሠራው ነገር ስሙ ረጅም ነው፦ «የአሕዛብ የሺህ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ የሦስተኛው ሰማይ ዙፋን»። «ሦስተኛው ሰማይ» ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 12ን አንብባችኋል። «የሺህ ዓመት» ከራእይ 20 ነው። «ጠቅላላ ጉባኤ» የሚለው ደግሞ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዕብራውያን 12፥23 ለበኵራት ማኅበር የሚጠቀምበት ቃል ይመስለኛል። እኛ «ጠቅላላ ጉባኤ» ሲባል የሚታየን የሒሳብ ሪፖርትና የሽማግሌዎች ምርጫ ስለሆነ ፈገግ ያሰኛል። ለእርሱ ግን ሕዝብ ሁሉ በክርስቶስ ፊት የሚቆምበት ቀን ነበር።

ሥራው 180 ያህል ዕቃዎች አሉት፦ ዙፋን፣ መሠዊያዎች፣ ክንፍ ያላቸው የስብከት መቆሚያዎች፣ የመጽሐፍ ማስቀመጫዎች፣ ዘውዶች፣ ጽላቶች፣ የአበባ ማስቀመጫዎች። አንድ ላይ ሲቆሙ ስፋታቸው ስምንት ሜትር፣ ከፍታቸው ከሦስት ሜትር በላይ ይሆናል። ሁሉም በወርቅና በብር ያበራሉ። በውስጣቸው ግን አንድ ግራም ወርቅ የለም።

ቁሳቁሱን ከየት አመጣው? አብዛኛውን ሌላ ሰው ከጣለው። ያረጁ ጠረጴዛዎችና ወንበሮች ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ይገዛል። ምንጣፍ የሚጠቀለልበትን ረጅም የካርቶን ቱቦ ያነሳል። የተቃጠሉ አምፖሎች፣ የማርማላታ ብርጭቆዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ቢሮ ውስጥ ቀለም ለማድረቅ የሚያገለግል ወፍራም ወረቀት፣ ላስቲክ፤ አንዱንም አልናቀም። ፎይሉን ከወይን ጠጅ ጠርሙስ አንገት፣ ከሲጋራ ፓኬት፣ ከሱቅ መስኮት ጌጥ፣ ከወጥ ቤት ጥቅል ያገኘዋል። መንገድ ላይ ለሚውሉ ሰዎች ሳንቲም እየሰጠ የጠርሙስ ፎይል ያሰበስባቸው እንደነበር ይነገራል። ይህን ሁሉ የሚያያይዘው በሙጫ፣ በትንንሽ ሚስማርና በስፒል ነው። ዛሬ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የተለያየ ቁስ በአንድ ሥራ ማዋሃድን «ሚክስድ ሚዲያ» ይሉታል። እርሱ ቃሉን መስማቱን እንጃ።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ በእጃችሁ አንድ ነገር የምትሠሩ ከሆናችሁ ይጠቅማችኋልና። አጥንቱ የቤት ዕቃ ነው። ለምሳሌ አንድ ክብ ጠረጴዛ ይወስድና መሃል ለመሃል በመጋዝ ይከፍለዋል፤ ሁለት እኩል ግማሽ ክብ ያገኛል፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ይሆናል። በአጥንቱ ላይ ከካርቶንና ከሌላ ቀላል ሰሌዳ የተቆረጡ ክንፎችና ቅስቶች ይቀጠላሉ። ጠርዙ ላይ በፎይል የተጠቀለሉ አምፖሎች ይደረደሩና እንደ ዕንቁ ረድፍ ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ፎይል ሲለብስ ወፍራም የወርቅ ጥልፍ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ፎይል ሁሉን ያለብሳል፤ አንዳንድ ቦታ ተለስልሶ፣ አንዳንድ ቦታ ሆን ተብሎ ተጨማድዶ። የለሰለሰው ብርሃንን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ የተጨማደደው ይበትነዋል። ወጥ ቤቱን ከሱቁ፣ ሱቁን ከቆሻሻ ገንዳው የሚያዋሕደው ይህ ልብስ ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የመሳቢያውን ቅርጽ፣ የብርጭቆውን አንገት ሊለይ ይችላል። ራቅ ብሎ ላየው ግን ከአንድ ማዕድን ተቀጥቅጦ የወጣ አንድ መንግሥት ነው።

ካርቶንን የመረጠው ድሃ ስለሆነ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ካርቶን ቀላል ነው፤ አንድ ቀጭን ሰው ብቻውን ያነሳዋል። ከዕቃዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው የቤት ዕቃ ጎማ አላቸው። ሃምፕተን ጡረታ ሲወጣ አገልጋይ ሆኖ መስበክ እንደሚፈልግ ለሥራ ባልደረቦቹ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር መሥራቱ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም።

የአቀማመጡ ንድፍ ደግሞ ስብከት ነው። ዙፋኑ ከኋላ መሃል ላይ፣ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነው። በአንዱ ወገን ያሉት ዕቃዎች ብሉይ ኪዳንን፣ ሙሴንና ሕግን፣ በሌላው ወገን ያሉት አዲስ ኪዳንን፣ ኢየሱስንና ጸጋን የሚጠቅሱ ጽሑፎች አሏቸው። በአንድ በኩል የነቢያት፣ በአንድ በኩል የሐዋርያት ስም ተጽፏል። በግራ ላለው ዕቃ በቀኝ አቻው ይመልስለታል። የተከፈለው ጠረጴዛ ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገባኛል፤ ሁለቱ ኪዳኖች ከአንድ እንጨት የወጡ ናቸው። ይህን ብሎ የጻፈው ነገር ስላላየሁ ንባቡ የእኔ ነው፤ ካልመሰላችሁ ተዉት።

እኛ ወንጌላውያን በቅርጽና በምስል ነገር እንጠነቀቃለን፤ ሁለተኛው ትእዛዝ አለብን። ሃምፕተንም የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ነው። በዚያ ሁሉ ወርቅ መሃል የእግዚአብሔርን መልክ ለመሥራት አልሞከረም። ክንፍ አለ፤ ዘውድ አለ፤ የሚቀመጥበት ስፍራ አለ። ተቀማጩ አልተሠራም። የራእይ መጽሐፍ ምዕራፍ 4ን ያነበበ ሰው፣ ዮሐንስ በዙፋኑ ላይ ስላለው ሲናገር በድንጋይ ዕንቁዎች ብርሃን እየመሰለ እንደሚያልፍ ያስታውሳል። ሃምፕተንም በብርሃን አለፈው። ከዙፋኑ በላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈው ቃል «አትፍራ» የሚል ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልግባ። ሃምፕተን ራእይ አየሁ ይል ነበር። ሙሴ በ1931 ዋሽንግተን ውስጥ እንደተገለጠ፣ በ1946 ማርያምና የቤተ ልሔም ኮከብ በከተማይቱ ላይ እንደታዩ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ቃለ መሐላ በፈጸሙበት በጥር 20 ቀን 1949 ደግሞ አዳም ራሱ እንደመጣ ጽፎ ትቷል። ራሱን «ቅዱስ ያዕቆብ» ብሎ ይጽፋል፤ «የዘላለም መንግሥት የልዩ ፕሮጀክቶች ዳይሬክተር» የሚል ማዕረግም ለራሱ ሰጥቷል። ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ማስታወሻ ደብተር አለው፤ የተጻፈው እርሱ ብቻ በሚያውቀው ፊደል ነው። በየገጹ ግርጌ «ራእይ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ሌላውን ግን በኮምፒውተር ጭምር ተሞክሮ እስካሁን ያነበበው የለም።

ይህን እንድትቀበሉ አልጠይቃችሁም፤ እኔም አልቀበለውም። ሙሴና አዳም በዋሽንግተን ተገለጡ የሚል ሰው በእኛ ጉባኤ ቢነሳ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍተን እናነጋግረዋለን፤ ማነጋገርም አለብን። ነገር ግን ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት አንድ ነገር እንይ። እኛ በዘመናችን ራእይ አየሁ የሚሉ ብዙ አይተናል፤ ስማቸው በባነር ላይ ይሰቀላል፣ ዘይትና ውኃ ይሸጣሉ፣ የተራበ ሰው ኪስ ያራግፋሉ። ይህ ሰው ከማንም አንድ ሳንቲም አልሰበሰበም። ተከታይ አላፈራም። ኪራዩን ከጽዳት ደመወዙ እየከፈለ፣ ፎይሉን በሳንቲሙ እየገዛ፣ ለጥቂት ሰዎች ካልሆነ በቀር ሳያሳይ 14 ዓመት ሠራ። ተሳስቶ ከሆነ የስሕተቱን ዋጋ የከፈለው ራሱ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ዘጸአት 31ን ከ35 እና 36 ጋር አያይዛችሁ አንብቡ። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላ የእጅ ባለሙያ ነው፤ በእንጨት፣ በድንጋይ፣ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ ይሠራል። በዛሬ ቋንቋ የብዙ ቁስ ሰዓሊና ንድፍ አውጪ ነበር ማለት ነው። ግን ብቻውን አልተላከም። ኤልያብ አብሮት ነው። ሌሎች ልበ ብልሆች አሉ። ሴቶች በእጃቸው ይፈትላሉ። ሕዝቡ በየማለዳው ስጦታ ያመጣል፤ በመጨረሻም ከመብዛቱ የተነሳ ሙሴ «ይብቃ» ብሎ እንዲያስታውቅ ሆነ። ንድፉም ለሁሉ የተነገረ ነው፤ ክንዱ ተቆጥሮ፣ ቀለሙ ተጠቅሶ ተጽፏል።

ሃምፕተን ባስልኤል ነበር፤ ኤልያብ አልነበረውም። በከተማይቱ ወደ ተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ይሄድ ነበር፤ እግዚአብሔር አንድ ሆኖ ሳለ በየቤተ እምነቱ መከፋፈሉ ስላልተዋጠለት ግን የአንዱም አባል አልሆነም። አባቱ ለአገልግሎት ብሎ ቤተሰብ የተወ ሰው እንደነበር ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ነገር ቀላል ሊሆን አይችልም። ብቻውን መሥራቱ የሰጠው ነገር አለ፦ የሚያስቸኩለው ኮሚቴ የለም፤ ለገና ይድረስ የሚል የለም፤ ቢያበላሽ የሚስቅበት የለም። ክንፉን ሰባት ጊዜ ቢቀይረው የሚያውቅ የለም። ትዕግሥቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የወሰደበትም አለ። ደብተሩን ማንም አላነበበለትም፤ «ወንድሜ፣ ይህች ነገር ከቃሉ ጋር እንዴት ትስማማለች?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ ቁሳቁስ ያመጣለት፣ ካርቶን የያዘለት የለም። ሥራውን ጨርሶት እንደሆነ እንኳ ማወቅ አይቻልም። አንድ ሌሊት እዚያ ቤት ገብቶ ሙጫ ያቀበለው ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ ደብተሩ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ።

በቤቱ ግድግዳ ላይ ሃምፕተን ምሳሌ 29፥18ን ለጥፎ ነበር። እርሱ ያነበበው እንግሊዝኛ ትርጉም፣ ራእይ በሌለበት ሕዝብ እንደሚጠፋ ይናገራል። የቀድሞው አማርኛችን ግን «መረን» የሚለውን ቃል ነው የመረጠው፤ ሰብሳቢና ከልካይ ያጣ ሕዝብ። ሁለቱን ትርጉሞች ጎን ለጎን ሳይ፣ የእርሱን ታሪክ ግማሽ በአንዱ፣ ግማሽ በሌላው ያነበብኩ ይመስለኛል።

በኅዳር 4 ቀን 1964 በጨጓራ ካንሰር ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። ኪራዩ ሲዘገይ አከራዩ መጥቶ በሩን ከፈተ። የፎይል ነገር መሆኑ ነውና፣ በሩ ሲከፈት የገባው ብርሃን ከ180 ዕቃ ላይ ተመልሶ ምን እንዳደረገ መገመት ትችላላችሁ። አስከሬኑን ለመውሰድ ከደቡብ የመጣችው እኅቱ ስለ ሥራው የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራ እንደነበር አታውቅም ነበር። ይዛው ልትሄድ አልቻለችም፤ የት ታስቀምጠዋለች? ከስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር አንድ ባለሙያ ሄዶ ሲያየው፣ የፈርዖን ቱታንክሃሙንን መቃብር የመክፈት ያህል እንደተሰማው ተናግሯል። በ1970 ሥራው ለቤተ መዘክሩ ተሰጠ። ሮበርት ሂዩዝ የተባለው ታዋቂ የሥነ ጥበብ ሃያሲ በ1976 በታይም መጽሔት ላይ፣ አሜሪካዊ ከሠራቸው በራእይ ላይ የተመሠረቱ ሃይማኖታዊ ሥራዎች መካከል ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብሎ ጻፈ። ወለል ወልዋዩ ይህን አልሰማም።

ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ከዚያው ከሰባተኛው ጎዳና ዳር ነው፤ የሃምፕተን የጋሪ ቤት ከነበረበት ወደ ደቡብ ጥቂት መንገድ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። እንጀራ ልትበሉ ወደ ዘጠነኛውና ዩ ጎዳና የምትወጡ ከሆነ ደግሞ፣ እርሱ ከሥራ ወጥቶ በሌሊት በእግሩ ይመላለስበት የነበረውን ሰፈር አቋርጣችሁ ታልፋላችሁ።

ስትሄዱ ወደ ጠርዞቹ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ዛሬ ቡናማ የሚመስለው ወረቀት ያኔ ሐምራዊ ነበር፤ የንጉሥ ቀለም። በርካሽ ወረቀት ላይ ያለ ቀለም ስለሆነ ብርሃን በልቶታል። ዙፋኑ ራሱ ከውስጥ አሮጌ ባለ ክንድ ወንበር ነው። ቀይ ትራሱ ደብዝዟል። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሃምፕተን በየሌሊቱ እየመጣ ሲያስተካክለው እንደነበረው።